ታላላቅ ደራስያንን ቫምፓየር አድርጎ ሳቅ ያለበት ታሪክ መጻፍ

ደራሲን ቫምፓየር (ደም እየመጠጠ የሚኖር የማይሞት ፍጡር) ማድረግ የዛሬ ልጆች ያመጡት ነገር አይደለም። የቫምፓየር ልብ ወለድ ዘውግ ራሱ ሲጀመር እንዲያ ነው የጀመረው። በጁን 1816 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረን በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይቶ ነበር። ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ባይረን እንግዶቹን እያንዳንዳቸው አንድ የሚያስፈራ ታሪክ እንዲጽፉ ጋበዘ። ሜሪ ሼሊ የፍራንከንስታይንን ታሪክ የጸነሰችው በዚያ ሰሞን ነው። የባይረን የግል ሐኪም፣ የ20 ዓመቱ ጆን ፖሊዶሪ ደግሞ በኋላ ስለ አንድ ቫምፓየር ጻፈ። ቫምፓየሩ ባላባት ነው፤ ደርባባ፣ ሴት አሳሳች። የተቀዳው ከባይረን ከራሱ ነው። ጽሑፉ በ1819 መጽሔት ላይ ሲወጣ ጭራሽ በባይረን ስም ታተመ፤ ባይረንም የኔ አይደለም አለ።

ስለዚህ የምትገቡት የቆየ መንገድ ውስጥ ነው። እኔ በዚህ ዘውግ የማምነው አንድ ነገር አለ። ቫምፓየርነት ደራሲውን ሌላ ሰው አያደርገውም፤ ዕድሜ ብቻ ነው የሚጨምርለት። ቁጡ የነበረው ሁለት መቶ ዓመት ይቆጣል። ዕዳ የነበረበት ወለዱ እየተቆለለበት ይኖራል። ሳቁ ያለው እዚያ ነው፤ ሰውየው በእውነት የነበረው ፀባይ ላይ። ጥርስና ጥቁር ካባ ብቻ ካለበሳችሁት ግን ስሙን ፍቃችሁ የሌላ ሰው ስም ብትጽፉበት ልዩነት አይኖረውም።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ላሳያችሁ።

1. ደራሲውን መምረጥ

የምትወዱትን ምረጡ። የማትወዱትን ደራሲ ይዛችሁ ከጀመራችሁ ታሪኩ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ስድብ ይሆናል። ሳቅ ያለበት ታሪክ ፍቅር ይፈልጋል። አንባቢው «ይሄ ጸሐፊ ሰውየውን ያውቀዋል፣ ይወደዋል» ካለ ብዙ ነገር ይፈቅድላችኋል።

ሁለተኛው የመብት ጉዳይ ነው። በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። 50 ዓመት የሆነባቸውም አሉ። ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ከያዛችሁ ብዙ ጣጣ ትቀንሳላችሁ፤ ደራሲውን በአካል የሚያውቅ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የመኖር ዕድሉም ያንሳል። አጋታ ክሪስቲ በዲሴምበር 1926 ለ11 ቀን ደብዛዋ ጠፍቶ ነበር። ለቫምፓየር ታሪክ ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል? ግን የሞተችው በ1976 ነው። እሷን ለጊዜው ተዉአት።

አንድ ነገር ልጨምር። የደራሲው ሥራ ነፃ ቢሆን እንኳ ትርጉሙ የተርጓሚው ነው። ከአማርኛ ትርጉም ላይ አንቀጽ ገልብጣችሁ ቫምፓየሩን አታናግሩት። የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። የተሻለ የሚያስቀውም እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቫምፓየር የማይመስለውን ሰው ፈልጉ። ባይረን ከ1819 ጀምሮ ሲነክስ ኖሯል፤ አንባቢው ከእሱ ሌላ ነገር አይጠብቅም። የአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊው ኤድጋር አላን ፖም እንደዚያው ነው። ስለ ትዳርና ገቢ የምትጽፈው እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን ግን? የፈረንሳዩ ልብ ወለድ ጸሐፊ ባልዛክ? ሩሲያዊው ቼኾቭ? እነዚህ አንገት አጠገብ ሲቆሙ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው ፈገግ ይላል።

2. የሕይወት ታሪኩን ማንበብና መጥለፍ

አንድ ጥሩ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አንብቡ። ደብዳቤዎቹ ከታተሙ ደብዳቤዎቹን አንብቡ። ልብ ወለዶቹን ማንበብ ብቻውን አይበቃም። እነሱ የሚያሳዩት ሰውየው ተዘጋጅቶ አደባባይ ሲወጣ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ቤት ውስጥ በካልሲ ሲንጎራደድ ነው።

ስታነቡ አራት ነገር እየለቀማችሁ ጻፉ፦ የማይለቀው ልማድ፣ የሚፈራው ነገር፣ ሳይጨርስ የተወው ሥራ፣ በሕይወቱ ውስጥ ማንም ያልሞላው ክፍተት። አራቱም ላይገኙ ይችላሉ። አንዱ ጠንካራ ከሆነ ታሪክ ይወጣዋል።

ለልማድ ባልዛክን ውሰዱ። ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ቡና በላይ በላዩ እየጠጣ ይጽፍ ነበር። ዕዳው ደግሞ ለጉድ ነው። ከ1840 እስከ 1847 ፓሪስ ፓሲ የሚባለው ሰፈር ሲኖር ቤቱን የተከራየው በራሱ ስም አልነበረም። ቤቱ ከኋላ በሌላ መንገድ የሚያስወጣ በር ነበረው፤ ለአበዳሪ ማምለጫ። ሊጠይቀው የሚመጣ ሰውም የይለፍ ቃል ማወቅ ነበረበት። ይህን ሰው ያለ ምንም ጭማሪ ቫምፓየር ማለት ይቻላል። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይደበቃል፣ በስውር በር ይወጣል።

ለፍርሃት ሩሲያዊው ደራሲ ጎጎል አለ። ነፍሱ ሳትወጣ እንዳይቀብሩት አጥብቆ ይፈራ ስለነበር፣ ሰውነቱ መፍረስ መጀመሩ በግልጽ ሳይታይ እንዳይቀበር በጽሑፍ ኑዛዜ አስቀምጧል። እንግዲህ ጎጎል ሳጥኑ ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ይሆናል? «አላልኳችሁም?» ነው የሚሆነው። ታሪኩን በዚህ አንድ ቃል መጀመር ይቻላል።

ክፍተት የምለው ነገር ለሴራ ከሁሉም ይበልጣል። ፖ በ1849 ከሪችመንድ ከተነሣ በኋላ ለቀናት የት እንደነበረ አይታወቅም። ኦክቶበር 3 ቀን ባልቲሞር ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት፣ የራሱ የማይመስል ልብስ ለብሶ፣ ራሱን በማያውቅበት ሁኔታ ተገኘ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። የሼክስፒር መቃብር ላይ ስሙ የለም። ያለው አጥንቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው የተረገመ ይሁን የሚል ጽሑፍ ነው። ቀን ቀን የሚተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱት በሩ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ አድርጋችሁ አንብቡት።

ከሁሉ የምወደው ግን የጄን ኦስተን ነው። ኦስተን በ1817 ሞተች። እህቷ ካሳንድራ የጄንን ደብዳቤዎች አብዛኞቹን በ1840ዎቹ አቃጠለች፤ ዛሬ የቀሩት ወደ 160 ገደማ ናቸው። ለምን አቃጠለቻቸው? ሰዎች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። የቀልድ ቫምፓየር ጸሐፊ መልስ ግን አንድ ነው፦ ደብዳቤዎቹ ከ1817 በኋላም መምጣታቸውን ስላላቆሙ። ካሳንድራ ምድጃው ፊት ቁጭ ብላ፣ እህቷ ትናንት ማታ የላከችውን የሠፈር ሐሜት እያነበበች፣ እየሳቀች፣ ገጽ በገጽ እሳት ውስጥ ስትጨምር ይታያችኋል? አንዲት የታሪክ እውነት ሳይነካ ሙሉ ታሪክ ተገኘ ማለት ነው።

ጥሩ መላ ምት የምለው እንዲህ ያለውን ነው። የታወቀውን አይሽርም፤ የታወቀውን ያስረዳል።

3. ሕጎቹን መወሰን

ቫምፓየር አንድ ወጥ ሕግ የለውም። ብዙ ሰው ቫምፓየር ፀሐይ ሲነካው ዓመድ መሆኑን ከጥንት የመጣ አድርጎ ያስባል። በ1897 በወጣው የብራም ስቶከር ልብ ወለድ ግን ቫምፓየሩ ድራኩላ በቀን መንገድ ላይ ይታያል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ፀሐይ ገዳይ የሆነችው በ1922 ከወጣው ኖስፌራቱ ከተባለው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ወዲህ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉትን መርጣችሁ የማትፈልጉትን መተው መብታችሁ ነው። ሦስት ሕግ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አንባቢው ሕግ ሲያጠና ሳቁ ያመልጠዋል።

ምርጫው ግን እንዲሁ አይደለም። ሕጉ ደራሲያችሁን የሚያመው ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። በምሥራቅ አውሮፓ አፈ ታሪክ ቫምፓየር ፊት ጥቃቅን ዘር ከተበተነ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሳይጨርስ አያልፍም። ይህ ለሼክስፒር ምንም አይፈይድለትም። ባልዛክ ፊት አንድ ከረጢት ቡና ብታፈሱ ግን ሌሊቱ አለቀ። ፍሬውን ይቆጥራል፣ ያሸታል፣ እንደገና ይቆጥራል።

አንዳንዴ ደግሞ ሕጉን ገልብጡት። ቫምፓየር ሳይጋበዝ ቤት አይገባም ይባላል። ባልዛክን ሰው አድርጋችሁ አበዳሪውን ቫምፓየር ብታደርጉትስ? ገንዘቡን የሚጠይቅ የማይሞት አበዳሪ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ የይለፍ ቃሉን ስለማያውቅ እየለመነ። ባልዛክ በመስኮት በኩል ደህና አደሩ ይለዋል። ሰውየው ሰባት ዓመት ይቆማል። ሲነጋ ይሄዳል፤ ሲመሽ ይመለሳል።

የፀሐይን ሕግ በተመለከተ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ሁለት ነገር በነፃ ይሰጣችኋል። አንደኛው የጊዜ ገደብ ነው፤ ሳይነጋ መድረስ አለበት። ሁለተኛው የተዘጋ ክፍል ነው። ሁለት ቫምፓየር ንጋት አንድ ምድር ቤት ውስጥ ካገኛቸው እስኪመሽ አይወጡም። ቶልስቶይ ሼክስፒርን ጭራሽ አይወድም ነበር። ይህንኑ የሚያብራራ ረጅም ጽሑፍ በ1906 አሳትሟል። ሁለቱን አንድ ጠባብ ክፍል አስገብታችሁ በሩን ዝጉ። አሥራ ሁለት ሰዓት አላችሁ። ቶልስቶይ ነጥቡን በቁጥር እየዘረዘረ ያስረዳል። ሼክስፒር ደግሞ ከሰማው ውስጥ ለመድረክ የሚሆነውን መስመር በልቡ እየያዘ ዝም ይላል።

4. ደሙን ቶሎ መጨረስ

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌ «ደሙን ከየት ያመጣል?» ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱትና እለፉ። ከሥጋ ቤት ይገዛል፣ ከፈቃደኛ ወዳጁ በሳምንት አንድ ብርጭቆ ያገኛል፣ የፈለጋችሁትን። ቁስልና ሬሳ ከበዛ ታሪኩ ሌላ ዘውግ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሳቅ ይጠፋል።

ንክሻ ማስገባት ከፈለጋችሁ የሚከተለው ነገር ይሠራል። የተነከሰው ሰው የነካሹን የአጻጻፍ ስልት ይውረስ። ኦስተን የነከሰችው ሰው በማግስቱ ሰው ባየ ቁጥር ዓመታዊ ገቢውን መገመት ይጀምራል። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰን የነከሰችው ዓረፍተ ነገሩን መሐል ላይ እየቆረጠ ይተዋል፤ ከቤት መውጣትም ያስጠላዋል። ዲከንስ የነከሰው ስለ ጠፋ ቁልፍ ሲናገር ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ማን ነከሰው የሚለውን ፖሊስ ሳይሆን የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነው የሚያጣራው። ይህች ብቻዋን ደህና አጭር ልብ ወለድ ናት።

5. አንዱን እስከ መጨረሻው እንሥራ፦ ዲከንስ

ከላይ ያልኩትን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ላሳያችሁ።

ልማዱን እንይ። ቻርልስ ዲከንስ እንቅልፍ ሲያጣ ለንደንን በእግሩ ሌሊቱን ሙሉ ይዞር ነበር፤ ራሱ ጽፎበታል። ይህ ለቫምፓየር ደህና ነው፣ ግን የታወቀ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ልጁ ሜሚ እንደጻፈችው፣ ዲከንስ ሲሠራ ድንገት ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ ወደ መስታወት ይሮጣል፣ ፊቱን ያጣምማል፣ ተመልሶ ይጽፋል፣ እንደገና ወደ መስታወቱ። የሚጽፈውን ገጸ ባሕርይ ፊት በራሱ ፊት እየሞከረ ነበር። ጋድስ ሂል ባለው ቤቱ ግቢ በምትገኝ ትንሽ የመጻፊያ ቤት ውስጥም አምስት መስታወት አስገብቷል። ፀጉሩን ማበጠርም ይወድ ነበር።

አሁን ከሕጎቹ አንዱን አስታውሱ። ስቶከር ድራኩላን መስታወት ውስጥ የማይታይ አድርጎታል።

ታሪኩ ተገኘ። መስታወት አጥቶ መጻፍ ያቃተው ዲከንስ። ሳይጨርስ የተወውም አለ። በጁን 1870 ሲሞት አንድ የወንጀል ልብ ወለድ መሐል ላይ ነበር። ሊወጣ ከታሰበው 12 ክፍል የጻፈው 6ቱን ብቻ ነው። አንባቢ እስከ ዛሬ ስለ መጨረሻው ይከራከራል። እንግዲህ ቫምፓየሩ ዲከንስ ያን መጽሐፍ ሊጨርስ ለንደን ውስጥ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ታች የምትኖረው ልጅ የማታ ተረኛ ነርስ ናት።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሯ ተንኳኳ። ልጅቷ የሥራ ልብሷን ገና አላወለቀችም።

«ይቅርታ እመቤቴ፤ ዓይንዎን ለአምስት ደቂቃ ሊያውሱኝ ይችላሉ?»

«ዓይኔን?» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እንዲያዩልኝ ብቻ ነው። አሁን የማሳይዎት አንድ ስስታም ጠበቃ ነው።» ከንፈሩን ሰበሰበ፣ አንዱን ቅንድቡን ሰቀለ፣ ጉንጩን ወደ ውስጥ ሳበ። «እሺ፣ ምን አዩ?»

«የጥርስ ሕመም።»

«የጥርስ ሕመም!»

«በተለይ በዚህ በኩል» ብላ የራሷን ጉንጭ ነካች። «ደግሞ ሚስተር ዲከንስ፣ የላይኛው ጥርስዎ ወጥቷል።»

እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ።»

«ፀጉሬስ?»

ዝም አለች።

«እመቤቴ፣ ፀጉሬስ?»

«ማበጠሪያዎን ያምጡ» አለችና ወንበር ሳበችለት።

እስቲ ምን እንዳለበት ተመልከቱ። ደም የለም። አንገት የለም። ልጅቷ አልጮኸችም። ቫምፓየርነቱ የሚታየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሱን ማየት አለመቻሉ። ያም የገባው የዲከንስ እውነተኛ ልማድ ላይ ነው። መስታወት የማያስፈልገው ደራሲ ብናስገባ ትዕይንቱ ይሞታል። ደግሞ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ልጅቷ መስታወቱ ሆናለች፤ ከዚህ በኋላ ያለ እሷ አንድ ገጽ አይጽፍም። ግንኙነታቸው ተተከለ።

ቀጣዩን ትዕይንት ለእናንተ ልተው፤ አቅጣጫውን ግን ልንገራችሁ። ፀጉሩን እያበጠረችለት «ገዳዩ ግን ማን ነው?» ትለዋለች። በየሌሊቱ የተለያየ ስም ይነግራታል። እሷ በስልኳ ላይ እየመዘገበች ነው። በሰባተኛው ሌሊት ገዳይ ያልተባለ ሰው ሲጠፋ ምን ይፈጠራል?

6. አነጋገሩ

ደራሲውን በአነጋገሩ አሳውቁት። ጥቅስ በመደርደር አይደለም። ስንት ቃል ይናገራል? ይቆርጣል ወይስ ያስረዝማል? መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው፤ ልብሱን፣ ገንዘቡን ወይስ ጤናውን?

በአማርኛ ስንጽፍ አንድ ትልቅ መሣሪያ አለን፤ አንተና እርስዎ። ኦስተንን ሁሌ «እርስዎ» አስብሏት። ጥርሷ ወጥቶ እንኳ አክብሮቷ አይጓደል። «ጌታዬ፣ አንገትዎ ከገቢዎ በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ትበል። ቼኾቭ ሐኪም ነው፤ ከመንከሱ በፊት ይጠይቃል። «እስቲ እጅጌህን ሰብስብ። ዛሬ ምን በላህ? እንቅልፍስ? አይ፣ ወንድሜ፣ አንተማ ራስህ ደም ያስፈልግሃል። ሂድ ተኛ።» በዚህ አነጋገር ተርቦ የሚያድር ቫምፓየር እንደሆነ ወዲያው ይገባናል። ገበሬዎችን በነፃ ያክም የነበረውን ሐኪምም አልለወጥነውም።

የጥንት ሰው ስለሆኑ ብቻ ግን ሁሉንም በግዕዝ ቃል አታጭቁባቸው። አንድ ሁለት ያረጀ ቃል ይበቃል።

ዲኪንሰን ከሁሉም ታስቸግራለች፤ ለዚህም ነው የምወዳት። ወደ 1,800 የሚጠጋ ግጥም ጽፋ በሕይወቷ የታተመላት ጥቂት ነው። በኋለኛው ዘመኗ ነጭ ልብስ ለብሳ ከቤት እምብዛም አትወጣም ነበር። ቫምፓየር ብትሆን ኑሮዋ ምን ይለወጣል? ምንም። ቀልዱም ይኸው ነው። ቤተሰቡ ሳያውቅ አርባ ዓመት ያልፋል። ብዙ አታናግሯት፤ በበሩ ሥር ቁራጭ ወረቀት ታሳልፍ።

7. ችግሩ ትንሽ ይሁን

ዓለምን ከጥፋት ማዳን ለሌላ ዓይነት ታሪክ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ችግር ነው፤ ለባለቤቱ ግን የሞት ሽረት የሆነ። የጠፋ ማበጠሪያ። በስህተት የታተመ ኮማ። ሳይጋበዙ የቀሩበት ሠርግ።

ፑሽኪን ስለ ቫምፓየር የጻፈው አንድ አጭር ግጥም ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። ቫንያ የሚባል ፈሪ በምሽት መቃብር ቦታ አቋርጦ ሲሄድ አጥንት የሚቆረጥም ድምፅ ይሰማል። ደም መጣጩ መጣ ብሎ ይርዳል፤ እንዳይበላውም ጸሎት እያደረገ የመቃብር አፈር ለመብላት ያስባል። ለካ ውሻ ነው። ግጥሙ እዚያው ያልቃል፤ ማብራሪያ የለ፣ ምክር የለ። እናንተም ሳቁ በመጣበት ቦታ ላይ አቁሙ።

ለመጀመሪያ ሥራ ሁለት ደራሲ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሌሊት በቂ ነው። አምስት ስድስት ታላላቅ ስሞችን አንድ ላይ መሰብሰብ ያጓጓል፤ እንዳታደርጉት። እያንዳንዱ መግቢያ ይፈልጋል፣ መግቢያው ደግሞ ገጹን ይበላዋል።

8. የማይቀለድበት

ሰዎቹ በእውነት ኖረዋል፤ በእውነትም ተሠቃይተዋል። ቼኾቭ በሳንባ ነቀርሳ ደም እየተፋ ኖሮ በ44 ዓመቱ ነው የሞተው። ስለዚህ ቼኾቭን ደም የሚያጠጣ ቀልድ አልጽፍም። ከላይ የሰጠኋችሁ ቼኾቭ የማይነክሰው ለዚህ ነው። የፖ ሚስት ቨርጂኒያም በዚያው በሽታ በ1847 ሞታለች። የሕፃናት ሞት፣ የአእምሮ ሕመም፣ የተበደለች ሚስት፤ እነዚህን ለሳቅ አታውሉ።

የተበደለ ሰው ግን ወደ ታሪኩ ቢገባ ደስ ይለኛል። የቶልስቶይ ሚስት ሶፊያ የባሏን ግዙፍ ልብ ወለድ ረቂቅ ደጋግማ በእጇ ገልብጣለች፤ 13 ልጅም ወልዳለታለች። እሷን ቫምፓየር አድርጋችሁ ለጉልበቷ ዋጋ ሒሳብ አቅርባ ማተሚያ ቤት ብትመጣ፣ እኔ በበኩሌ ከቶልስቶይ ይልቅ የእሷን ታሪክ አነባለሁ። ሰውየው ራሱ በ82 ዓመቱ ሌሊት ከቤት ጠፍቶ በ1910 አስታፖቮ በተባለ ባቡር ጣቢያ ሞቷል። ስለዚህ ሒሳቡን ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ልትከታተለው ትችላለች።

9. ማረም

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ የደራሲውን ስም ከየቦታው አውጡና ለአንድ አንባቢ ወዳጃችሁ ስጡት። ማን እንደሆነ ካወቀ ሠርታችኋል። ካላወቀ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ፤ ልማዱ አልገባም ማለት ነው።

ሌላ ፈተና አለ። ስለ ደራሲው ምንም የማያውቅ ሰው ይስቃል? የዲከንስን መስታወት ታሪክ ያልሰማ አንባቢም ፀጉሩን አይቶ የማያውቅ ሰው ያስቀዋል። እውነቱን የሚያውቀው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይስቃል። አንድ ቀልድ እንዲገባ አንቀጽ ሙሉ ማብራሪያ ከፈለገ አውጡት፤ ያማል፣ ግን አውጡት።

በመጨረሻም ከታሪኩ ግርጌ ሁለት ሦስት መስመር ማስታወሻ ጻፉ። የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩ። አምስቱ መስታወቶች ነበሩ፤ ነርሷ የለችም። ካሳንድራ ደብዳቤ አቃጥላለች፤ ከ1817 በኋላ የመጣ ደብዳቤ ግን የለም። እንዲህ ያለ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ደራሲው መጽሐፍ ይሄዳል። ስለዚህ ከማስታወሻው ሥር ከዚያ ደራሲ ሥራዎች መጀመሪያ ቢነበብ የምትሉትን አንዱን ጠቁሙት፤ ወፍራሙን ሳይሆን የሚያስቀውን።